ፊሽን ወይስ ፊውዥን? ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት የተነሣ ንጽጽር

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ እታለም ቤት ቡና ላይ ነበርን። መብራት ጠፍቷል። የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ናት። ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከፊሽንና ከፊውዥን፣ ማለትም የአቶምን አስኳል ከመሰንጠቅና ከማዋሃድ፣ አንዱን መርጠሽ አቅርቢ ተብላለች። «አጎቴ፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ጎረቤታችን ገቡበት። ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። «ቆይ እስቲ፣ ከሩሲያ ጋር ተፈራረምን የተባለውስ የትኛው ነው?» አሉ። እታለም ደግሞ ጀበናውን እያነሣች «እኔን የሚያሳስበኝ የማይፈነዳው የቱ እንደሆነ ነው» አለች።

ሦስቱም የምርጫ ጥያቄዎች ናቸው። የሚመርጠው ሰውና የሚፈልገው ነገር ግን ይለያያል። ስለዚህ መልሱም አንድ አይደለም። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ይህን ርእስ ደግሞ ከልቤ እወደዋለሁ። በዚያ ቀን የተጨዋወትነውን አስፋፍቼ ጻፍኩት።

ሁለቱም ቁልቁለት ናቸው

መጀመሪያ የሚያመሳስላቸውን እንያዝ። አቶም መሃሉ ላይ አስኳል አለው። አስኳሉ የፕሮቶንና የኒውትሮን እስር ነው። እስሩ ምን ያህል እንደጠበቀ ከንጥረ ነገር ንጥረ ነገር ይለያያል። ከሁሉም ጠብቀው የታሰሩት ብረትና ጎረቤቱ ኒኬል ናቸው። ከብረት የሚቀሉት ላላ ይላሉ። ከብረት በጣም የሚከብዱትም ላላ ይላሉ። አስኳል ከላላ እስር ወደ ጠበቀ እስር ሲሸጋገር ትርፍ ኃይል ይለቃል። የኒውክሌር ኃይል ምንጩ ይኸው ነው።

አያ ይህን ሲሰሙ «ዓባይ በረሃ ነዋ!» አሉ። ስንት ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው። ከደጀን ብትነሡ ወደ ድልድዩ ትወርዳላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ብትነሡም ወደዚያው ድልድይ ትወርዳላችሁ። ብረትን ድልድዩ ላይ አስቀምጡት። ዩራኒየም ደጀን አፋፍ ላይ ቆሟል። ሃይድሮጅን ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ። ዩራኒየም ተሰንጥቆ ሲወርድ ፊሽን ነው። ሃይድሮጅን ተዋህዶ ሲወርድ ፊውዥን ነው።

«መሰንጠቅም ማዋሃድም እንዴት ሁለቱም ኃይል ይሰጣሉ? አንዱ ከሰጠ ሌላው መብላት አልነበረበትም?» ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የምጠየቀው ጥያቄ ነው። መልሱ መነሻቸው የተለያየ አፋፍ መሆኑ ነው። ድልድዩ ላይ ያለውን ብረት ብትሰነጥቁትም ብታዋህዱትም ኃይል ይበላችኋል እንጂ አይሰጣችሁም። ከድልድዩ ወዲያም ወዲህም ዳገት ነውና።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይገጥምም። የበረሃው ሁለት አፋፎች ከፍታቸው ይቀራረባል። በአስኳል ዓለም ግን የዩራኒየም በኩል ለስላሳ ተዳፋት፣ የሃይድሮጅን በኩል ገደል ነው። ይህን ልዩነት በቁጥር ማየት ይቻላል። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከመጠነ ቁሱ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይጎድላል። ፀሐይ ውስጥ ሃይድሮጅን ሂሊየም ሲሆን ከሺህ ሰባት እጅ ገደማ ይጎድላል። የጎደለው አልጠፋም፤ ኃይል ሆኗል። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳየው ይህንኑ ነው። የጎደለው መጠነ ቁስ በብርሃን ፍጥነት ካሬ ይባዛል። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሿ ጉድለት ግዙፍ ኃይል ትሆናለች።

ፊሽን፦ አጀማመሩ ቀላል ነው

ነገሩ መጀመሪያ የታየው በርሊን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱ ባሪየም አገኙ። ባሪየም የዩራኒየምን ግማሽ ከፍ ብሎ ይመዝናል። ከየት መጣ? ሃን ግራ ገብቶት ለሊዘ ማይትነር ጻፈላት። ማይትነር በአይሁድ ትውልዷ ምክንያት ከናዚ ጀርመን ሸሽታ ስዊድን ነበረች። ለገና ከመጣው የእህቷ ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር በበረዶ ላይ እየሄዱ ተነጋገሩበት። የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው በቁራጭ ወረቀት አሰሉት። አስኳሉ ለሁለት ተሰንጥቋል!

አክስትና የእህት ልጅ በእግር ጉዞ ላይ የፈቱት እንቆቅልሽ ስለሆነ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ግን ለሃን ብቻ ተሰጠ። እሷ መታለፏ ዛሬም ያሳዝነኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙሌት የለውም። ስለዚህ አስኳሉ አይገፋውም፤ ዘው ብሎ ይገባል። ዩራኒየም 235 የሚባለው የዩራኒየም ዓይነት አንድ ኒውትሮን ሲውጥ ይናወጣል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ ለሁለት ይሰነጠቃል። ለምሳሌ አንዱ ስንጣሪ ባሪየም፣ ሌላው ክሪፕተን ይሆናል። ሁለቱም በአዎንታዊ ሙሌት የተሞሉ ስለሆኑ በከፍተኛ ፍጥነት ይገፋፋሉ። ዙሪያቸውን ያለውን ቁስ ሲመቱ ፍጥነታቸው ሙቀት ይሆናል። ከኃይሉ አብዛኛው የሚገኘው ከዚህ ግፊያ ነው።

መጠኑን እንይ። አንድ የካርቦን አቶም ሲቃጠል 4 ኤሌክትሮን ቮልት (ለአቶም የሚሆን ትንሽ የኃይል መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። አንድ የዩራኒየም 235 አስኳል ሲሰነጠቅ 200 ሚሊዮን ገደማ ይሰጣል። ወደ እኛ አገር ስመልሰው፣ አንድ ኪሎ ዩራኒየም 235 ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ ሙቀቱ ከ50,000 ኩንታል ደረቅ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ጋር ይተካከላል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን 1,000 አይሱዙ ማለት ነው። አያ ፉጨት አወጡ። እውነተኛ ሪአክተር፣ ማለትም ፊሽን የሚካሄድበት ምድጃ፣ ውስጥ ግን የነዳጁ ትንሽ ክፍል ብቻ እንደሚሰነጠቅ ልብ በሉ። ከአንድ ኪሎ ነዳጅ የምታገኙት ከዚህ ብዙ ያንሳል።

እያንዳንዱ ስንጥቅ ሁለት ወይም ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖችን ይለቃል። እነሱ ደግሞ ሌላ ይሰነጥቃሉ። ሰንሰለቱ ይህ ነው። አንዴ ከተያያዘ በራሱ ይሄዳል። ሥራው ማስነሳቱ ላይ ሳይሆን መያዙ ላይ ነው። አያ «ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ማለት ነው። ሞተሩ አይደለም የሚያስጨንቅህ፣ ፍሬኑ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ አላስተማርኩም።

የሪአክተር ፍሬን ከቦሮን ወይም ከካድሚየም የሚሠራ ዘንግ ነው፤ ኒውትሮን ይውጣል። ከዚህም ሌላ ተፈጥሮ ራሷ ትንሽ ረድታናለች። ከኒውትሮኖቹ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉት ወዲያው አይወጡም፤ ከሰከንድ ክፋይ እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ዘግይተው ነው የሚወጡት። እነዚህ ዘገምተኞች ባይኖሩ ኖሮ ሰንሰለቱ ከሰው እጅና ከማንኛውም መሣሪያ ይፈጥን ነበር። በእነሱ ምክንያት ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ተገኘ። ኤንሪኮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1942 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያውን ሰንሰለት አስነሥቶ፣ ተቆጣጥሮ፣ አቁሞ ያሳየውም በዚህ ምክንያት ነው። በ12 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ሶቪየት ኅብረት ኦብኒንስክ ላይ 5 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከፍታ ለኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ሰጠች።

ፊውዥን፦ መጀመሪያ ዳገት አለው

እዚህ ኒውትሮንን የመሰለ ዘው ብሎ የሚገባ እንግዳ የለም። የሚዋሃዱት ሁለቱም አስኳሎች አዎንታዊ ሙሌት አላቸው፤ ይገፋፋሉ። በጣም ካልተቀራረቡ በቀር አጥብቆ የሚያስረው የአስኳል ጉልበት አይደርስባቸውም። ስለዚህ ከቁልቁለቱ በፊት ዳገት አለ። ዳገቱን የሚያወጣቸው ፍጥነት ነው። ፍጥነት ማለት ደግሞ ሙቀት ነው።

የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለፀሐይ ይበቃታል፤ ምክንያቱም ፀሐይ አትቸኩልም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስደንቃቸው ቁጥር አለ። ከፀሐይ እምብርት አንድ ሜትር ኩብ የሚያመነጨው 280 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ዝም ብለው የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ከገላቸው የሚወጣው ሙቀት ይህን ያህላል። ፀሐይ ያን ሁሉ ኃይል የምትሰጠው ግዙፍ ስለሆነች ነው።

እኛ የፀሐይን ያህል ስፋት የለንም። ስለዚህ በፍጥነት የሚዋሃድ ነዳጅና እጅግ የበለጠ ሙቀት ያስፈልገናል። ነዳጁ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች ናቸው፤ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም። ሙቀቱ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ፣ ከፀሐይ እምብርት አሥር እጥፍ። ይህን የሚችል ድስት በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ነዳጁን ግድግዳ ሳይነካ በማግኔት አየር ላይ ይይዙታል፤ መሣሪያው ቶካማክ ይባላል። ሌላው መንገድ ሚጢጢ የነዳጅ እንክብልን ከየአቅጣጫው በሌዘር መትቶ መጨፍለቅ ነው።

ሲሳካ ሂሊየምና አንድ ኒውትሮን ይወጣሉ፤ ኃይሉም 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። «ከ200 ሚሊዮን ያንሳልኮ!» አለች የእህቴ ልጅ። በአንድ ምት ያንሳል። ግን የነዳጁን ክብደት አስቡት። ዩራኒየም 235 አሃድ ይመዝናል፤ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም አንድ ላይ 5 ብቻ። በኪሎ ሲሰላ ፊውዥን አራት እጥፍ ገደማ ይሰጣል። ከ4,000 አይሱዙ በላይ ፍልጥ።

በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። እስካሁን በተግባር የተገኘውን እንየው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2022 የሌዘር ሙከራ 2.05 ሜጋጁል ብርሃን አስገብቶ 3.15 ሜጋጁል አወጣ። ከገባው የወጣው ሲበልጥ በላብራቶሪ የመጀመሪያው ነበር፤ እኔም ዜናውን ሳነብ እንባዬ መጥቷል። 3.15 ሜጋጁል ማለት ግን እዚህ ደብረ ማርቆስ 10 ሊትር ውሃ ማፍላት ነው። ሌዘሮቹን ለማስነሳት ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመር 300 ሜጋጁል ገደማ ተወስዷል። እንግሊዝ አገር የነበረው ጄት የተባለው ቶካማክ እ.ኤ.አ. በ2023 በ5 ሰከንድ ገደማ 69 ሜጋጁል አመነጨ። ይህ ከአንድ እቅፍ ደረቅ ፍልጥ፣ ከ4 ኪሎ ገደማ፣ ጋር ይተካከላል። ነዳጁ ግን 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ተስፋውም ሩቅነቱም እዚህ ቁጥር ውስጥ አብረው አሉ።

ስታቆሙትስ?

የእታለም ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። እኔ ሁለቱን ከሁሉም በላይ የምለያቸው በዚህ ነው፤ በኃይላቸው ብዛት ሳይሆን በአጀማመራቸውና በአቋቋማቸው።

በመጀመሪያ አንድ ፍርሃት እናንሣ። የኃይል ማመንጫ ሪአክተር እንደ አቶም ቦምብ አይፈነዳም። በማዕድን ከሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ 235 የሚባለው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ለተለመደው ሪአክተር ከ3 እስከ 5 በመቶ ድረስ ይበለጸጋል። ለቦምብ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቸርኖቤል ላይ ሪአክተሩን የበታተነው ከቁጥጥር የወጣ ሙቀትና እንፋሎት እንጂ የቦምብ ፍንዳታ አልነበረም። ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር፤ ጨረር አመንጪ ቁስ አገር አቋርጦ ተበተነ።

እውነተኛው የፊሽን አስቸጋሪ ጠባይ ሌላ ነው። ሰንሰለቱን ስታቆሙት ሙቀቱ አብሮ አይቆምም። ስንጣሪዎቹ ራሳቸው ጨረር አመንጪ ስለሆኑ መሞቃቸውን ይቀጥላሉ። 1,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ጣቢያ በቆመበት ቅጽበት የሚቀረው ሙቀት 200 ሜጋዋት ገደማ ነው። ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 በሙሉ አቅሙ 73 ሜጋዋት ነው። ጣቢያው «ጠፍቷል» በተባለበት ሰዓት ወደ ሦስት ጢስ ዓባይ የሚጠጋ ሙቀት ውስጡ አለ ማለት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 15 ሜጋዋት አካባቢ ይወርዳል፤ ግን አሁንም ማቀዝቀዣ ውሃ ይፈልጋል።

እታለም «ረመጥ ነዋ። ነበልባሉ ጠፋ ተብሎ እጅ አይሰደድበትም» አለች። ረመጥ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ፉኩሺማ የሆነው ይኸው ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ሲመጣ ሪአክተሮቹ በሥርዓቱ ቆሙ። ከዚያ የባሕሩ ማዕበል የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቀ። ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ጠፋ። የሦስት ሪአክተሮችን እምብርት ያቀለጠው ረመጡ ነበር።

ፊውዥን ተቃራኒው ነው። ቶካማክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ነዳጅ ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ማግኔቱ ትንሽ ቢያመነታ ነዳጁ ግድግዳ ነክቶ ይቀዘቅዛል፤ ውህደቱ ይቆማል። የሚያያዝ ሰንሰለት የለውም። ነፋስ ላይ ያለ ኩራዝ ነው፤ ጭንቀቱ እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ ለእታለም የሰጠኋት መልስ ግልጽ ነበር። ከቁጥጥር ሊወጣ የማይችለው ፊውዥን ነው። ግን ዛሬ በዓለም ላይ አንድም የፊውዥን ኃይል ማመንጫ የለም።

ቆሻሻውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ያገለገለ የፊሽን ነዳጅ ውስጥ ያለው ፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 24,000 ዓመት ገደማ ነው። ፊንላንድ ለዚህ ከምድር 400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ማከማቻ ዓለት ውስጥ ቆፍራለች። የፊውዥን ምርት ሂሊየም ነው፤ ጉዳት የለውም። «ንጹሕ ነው፣ ጨረር የለውም» የሚሉት ግን ተሳስተዋል። ትሪቲየም ራሱ ጨረር አመንጪ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት። ፈጣኑ ኒውትሮን የመሣሪያውን ብረት ራሱን ጨረር አመንጪ ያደርገዋል። ልዩነቱ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በአሥርና በመቶ ዓመታት ይቆጠራል እንጂ በአሥር ሺዎች አይደለም።

እንግዲህ የቱን?

የአያን ጥያቄ ልመልስ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ ሞስኮ ላይ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። እሱ ፊሽን ነው። ሌላ ሊሆንም አይችልም፤ ገበያ ላይ ያለው ፊሽን ብቻ ነውና። ደቡብ አፍሪካ ኩበርግ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሁለት ሪአክተሮች ታንቀሳቅሳለች። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋዋት የሆኑ አራት እየገነባች ነው። ደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው ግዙፉ ቶካማክ ኢተር ግን ትሪቲየም አስገብቶ ሙሉ ሙከራውን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2030ዎቹ መጨረሻ ነው። ያውም ኢተር ሙከራ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያመነጭም።

ስለዚህ ምርጫው ለአገር ከሆነ «ፊሽን ወይስ ፊውዥን» አይደለም፤ «ፊሽን ወይስ ሌላ ምንጭ» ነው። እዚህ ላይ ሜጋዋት ብቻ አታወዳድሩ። ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ግን በዓመት የሚጠበቅበት 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ወንዝ ክረምትና በጋ አለው። አንድ 1,200 ሜጋዋት ሪአክተር ዓመቱን ከመቶ ዘጠና ቢሠራ ከ9,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ዝናብ አይጠብቅም። በሌላ በኩል ውድ ነው። ለአገሪቱ መስመርም ትልቅ ሸክም ነው። አንድ ማሽን ከመስመሩ አጠቃላይ አቅም አሥር በመቶ እንዳይበልጥ መሐንዲሶች ይመክራሉ፤ ድንገት ሲቆም ሁሉንም ይዞ እንዳይወድቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገነባ አገር ከውሳኔ እስከ ሥራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሪአክተሩ በፊት መቅደም ያለበት ግንበኛውንም መንግሥትንም «አቁም» ማለት የሚችል ነጻ ተቆጣጣሪ ነው። ፍሬኑ ሳይፈተሽ ከደጀን አይወረድም።

የእህቴ ልጅስ? ለእሷ ፊውዥንን መረጥኩላት። ምክንያቱ የሰሌዳ ምክንያት ነው። የፊሽን ስሌት ረጅም ነው፤ ስንጣሪዎቹ በየጊዜው ይለያያሉ፣ ከስንጥቁ በኋላም ጨረር እያመነጩ ኃይል ይጨምራሉ። የፊውዥኑ ግን በአራት ቁጥር ያልቃል። በአቶም ክብደት አሃድ ዲዩቴሪየም 2.0141፣ ትሪቲየም 3.0160። ድምሩ 5.0301። የወጡት ሂሊየም 4.0026ና ኒውትሮን 1.0087 ናቸው። ድምሩ 5.0113። አንድ አሃድ 931.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው።

በስልኳ መብራት ደብተሯ ላይ ቀነሰችው። ጉድለቱ 0.0188 ወጣ። አባዛችው፤ 17.5። «17.6 አላልክም ነበር?» አለች። አራተኛውን ቁጥር ስላጠጋጋነው ነው አልኳት። እሷ ግን በዚያ አልረካችም፤ ስድስት አኃዝ ያላቸውን ቁጥሮች ስጠኝ አለች። ሰጠኋት። ቶናው ሲቀዳ ጀምራ በረካው ሳይቀዳ ጨረሰችው። 17.6 ወጣ። ገጹን ገልብጣ «አሁን የዩራኒየሙን ንገረኝ» አለች።